የማይበላ እጅ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት በሌላ ወሬ መሀል ነው። አክስቴ ዓይኗን ልትታከም ከቁንዝላ አዲስ አበባ መጥታ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮሌጁ እየወጣሁ እጠይቃት ነበር። ዝናቡ እንደ ዘገየ፣ የእገሌ ልጅ እገሊትን እንዳገባ፣ የጤፉ ዋጋ የት እንደ ደረሰ ስትነግረኝ ቆይታ «ያ ዕጣ አውጪያችሁም እኮ ሞተ» አለችና ወደ ጎረቤቷ ላም ወሬ አለፈች።

እንዴት ሞቱ አልኋት። ማን ቀበራቸው አልኋት። እኔ ብዙ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ በክፍል ውስጥም ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል። አክስቴ ገርሟት በፋሻ ባልታሸገው ዓይኗ አየችኝ።

«ሽማግሌ አልነበር? ሽማግሌ ይሞታል፤ ይሄ ምን ይጠየቃል» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸው ከፊቴ አይጠፋም። ስለ እሳቸው የማውቀው ብዙ አይደለም። ጣልያን ባሕር ዳር በገባ ጊዜ ነፍስ ያወቅሁ ልጅ ነበርሁ፤ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አያ እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ከደብራችን ቁልቁል፣ ሐይቁ ዳር፣ ሙስሊሞቹ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ደንገል የሚባለውን ረጅም የሐይቅ ሣር ከውሃው ውስጥ ያጭዳሉ፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ እየጠፈሩ ታንኳ ያደርጉታል። ዓሣም ያጠምዳሉ። እኛ የካህናት ቤተሰቦች ዓሣቸውን እንገዛለን፣ በታንኳቸው ወደ ገዳማቱ እንሻገራለን እንጂ ከአንድ ገበታ አንቀርብም ነበር። ያም ሆኖ በዓል ሲደርስ ያለ አያ እንድሪስ ሥጋ የሚካፈል ክርስቲያን በሰፈራችን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬው በቅርጫ ይታረዳል፤ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይደለደላል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ዕጣ ይሰጣል፤ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ አዝራር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ስለ ነበሩ የእኛ ቤት ዕጣ ሁልጊዜ የጧፍ ቁራጭ ነበረች። ዕጣዎቹ በቅል ውስጥ ይደባለቁና አንድ ሰው እያወጣ በየመደቡ ላይ ያኖራቸዋል። ያ ሰው ከተካፋዮቹ አንዱ ቢሆን ጠብ ይነሣል። አያ እንድሪስ ግን ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበሉ ማንም አይጠረጥራቸውም።

«የማይበላ እጅ ነው የሚያካፍል» ይሉ ነበር።

ደንገል የሰነጣጠቀው ሰፊ እጅ ነበራቸው። በሁሉ ፊት ይታጠቡታል፤ መዳፉንም ጀርባውንም ያሳያሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩና ወደ ኋላ በተዘረጋ ክንድ ከቅሉ ውስጥ ያወጣሉ። ሥጋውን አንድም ቀን ሲያዩት አላየሁም።

«አያ እንድሪስ፣ ዛሬ እንኳ ጨጓራው ለእኔ ይሁን» ይላል አንዱ።

«ጨጓራው የት እንዳለ ባውቅማ ለሚስትህ ሰጥቼ እገላገል ነበር። ባለፈው አልደረሰንም ብላ ስንት ዓሣ በነጻ ወሰደችብኝ።»

ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ ሐይቁን እያዩ ቀጣዩን ዕጣ ያወጣሉ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። መፍራታቸውን አይደብቁም ነበር። ነፋስ ሲነሣ ሌሎቹ ባለ ታንኳዎች ደረታቸውን ሲነፉ እሳቸው መቅዘፊያውን ያጋድሙና «ፈርቻለሁ፤ አልሄድም» ይላሉ። አንድ ጊዜ የቸኮለ ነጋዴ «ሴት ነህ እንዴ?» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሴትማ ነፋሱ እስኪያርፍ ቆይታ ትሻገራለች። ባለፈው በገመድ ጎትተን ያወጣነው ወንድ ነበር» አሉት። ነጋዴው ጭነቱ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪያርፍም ጠበቀ።

«ፍርሃት ውሃ ነው፤ የለም ያለው ነው የሚሰጥም» ይሉም ነበር። ይህን ሲሉ ምክር የሚሰጡ አይመስሉም፤ ስለ ሐይቁ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ጣልያን ትንሽ እንደ ቆየ ወደቡ አጠገብ የድንጋይ ቤት ሠራ፤ ሞተር ጀልባም አመጣ። የጀልባዋ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ የያዘውን ይዞ ይቆማል፤ እናቴ ወንፊቷን እንደ ያዘች፣ እኔ እንስራዬን እንዳዘልሁ። ድምፁ ሲርቅ ሥራ ይቀጥላል። በመራዊና በዱርቤቴ በኩል ባለው አገር አርበኞች ነበሩ፤ የትኛው ጫካ ውስጥ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር እንዲቀር ተነገረ። ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ቆመን ነበር። ጣልያን የሾማቸው ጭቃ ሹም አለሙ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሹሙ ጣልያን አራት ጎልማሳ ለባንዳ አምጡ ብሏል። ጠመንጃም ልብስም እሱ ይሰጣል። ባትሰጡ ሰፈሩን አቃጥላለሁ፣ ካንተ ቤትም እጀምራለሁ ብሎኛል።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

ከሰሜኑ ጦር እግራቸውን ሰጥተው የተመለሱት አቶ ፈንቴ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ጭቃ ሹም። እኔ ክተት ሲባል ስንቄን ይዤ ሄድሁ። አልሄድም ማለት አልችልም ነበር፤ ይሁን። ግን የተኮስሁት በመጣብኝ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ሂዱ ሲባሉ ማን ላይ ሊተኩሱ ነው? መራዊ ያለው አጎታቸው ላይ አይደለም?»

«እሱን ለጣልያኑ ንገረው።»

«እሱማ ቋንቋዬን አያውቅም። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ሁላችን ወደ ጫካ እንግባ» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ላሞቹንስ? ከአልጋ የማትነሣውን እናትህንስ ማን ሊሸከማት ነው?»

«ደግሞ ሌላም አለ» አለ ከኋላ የቆመ ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከገበያ የመጣ ሰው እንደ ነገረኝ ከዚያ ወገን ያሉትም ልከዋል። ለጣልያን ልጁን የሰጠ ቤቱን ከአመድ ውስጥ ይፈልግ ብለዋል። ለእነሱም ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ብለዋል።»

እናቴ ከጎኔ ነበረች። «ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ፤ የሚጠይቁኝ ሁለት መንግሥት» አለች። ለማንም አልነበረም፤ ነጠላዋ ውስጥ ነው የተናገረችው። ወንድሜ አዳሙ ከጎልማሶቹ ጋር ቆሞ መሬቱን በእግሩ ጣት ይጭር ነበር።

ጭቃ ሹሙ «እንግዲያስ እኔ እመርጣለሁ» አሉ። ማንን እንደሚመርጡ ሁሉም አወቀ፤ ዘመድ የሌለውን፣ የሚጮህለት የሌለውን። ያን ጊዜ ጎረቤታችን እትየ ዘነቡ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ወደ ዋርካው ቀረበች። ባሏ በዘመቻው ቀርቶባት ልጇን ውበቱን ብቻዋን ያሳደገች ናት። ውበቱና አዳሙ እኩዮች ነበሩ።

«የእኔ ድርሻ ተከፍሏል። አንዱን ልጄን አትንኩብኝ» አለች።

«እውነቷን ነው። የመበለት አንድ ልጅ ይቅር፤ ድሮም እንዲያው ነው» አለ አንዱ።

«የእኔም አንድ ነው። ሌላው ገና ጥርስ አላወጣም።»

«የእኔ ሳል አለበት።»

«የእኔ ለድቁና ታጭቷል።»

አቶ ፈንቴ እስኪያልቅ ሰሙና «እንዲህ ከሆነ እኮ በሰፈራችን ሽባና መናኝ ብቻ ነው ያለው። ጣልያኑ ራሱ አዝኖ ስንቅ ይሰፍርልናል» አሉ። በዚህ የሳቀ አልነበረም።

በመጨረሻ አባቴ ተነሡ። እሳቸው ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። «ሹም ከመረጠ ቂም ይሆናል፤ ቂም ደግሞ ጣልያን ከሄደም በኋላ አይሄድም። መበለትም አይቅር፣ የእኔም ቤት አይቅር፣ የጭቃ ሹሙም አይቅር። ዕጣ ይጣል። ከዕጣ በኋላ ሰው በሰው አያማርርም» አሉ።

«አያ እንድሪስ ያውጡት፤ የእሳቸው ሰፈር አልተጠየቀም» አለ አንድ ሰው። ብዙዎች ተነፈሱ። ቀኑም ለማክሰኞ ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት በባሕር ዳር ዓሣ የማይወድ ሰው ጠፋ። ከጧት ጀምሮ ሰው ቅርጫት እየያዘ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። አባቴ ወደ ደብሩ ሲወጡ «ከዚህ ቤት ማንም ወደ ሐይቅ ዳር እንዳይወርድ» ብለው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪርቁ ጠበቀች፤ እንስራ አሳዘለችኝና በነጠላዋ ሥር ማር የሞላ ቅል ይዛ ወረድን።

ለመድረቅ የተከመረው ደንገል እንደ አጥር ቆሞ ነበር። ከጀርባው የጭቃ ሹሙን ድምፅ ሰማን። እናቴ ክንዴን ያዘች።

«የእኔ የጥይት ቀለህ ናት። ቀዝቃዛ ናት፤ እጅህ ያውቃታል።»

«ሰማሁ» አሉ አያ እንድሪስ።

«መስማት ብቻ ነው?»

«ጆሮ ሌላ ምን ሥራ አለው፣ ጭቃ ሹም።»

ሰውየው በሌላው በኩል ሄዱ። እናቴ ወደ ፊት ቀረበች። አያ እንድሪስ ግማሽ የደረሰ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ልጥ ያጠብቁ ነበር። አልተነሡም።

«አያ እንድሪስ፣ እርስዎ ከልጅነቴ ያውቁኛል» አለች።

«አውቅሻለሁ፣ የሺ። ይሄ ታንኳ አይችልሽም ስል ዘለሽ የምትገቢ ነበርሽ።»

«የእኛ ዕጣ የጧፍ ቁራጭ ናት።»

እጃቸው ቆመ። «ለምን ነገርሽኝ?» አሉ።

«አዳሙን ያውቁታል።»

«ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ያ ነው የከፋው።» ልጡን ጎተቱ፤ ተበጠሰ። እሳቸው ልጥ ሲበጥሱ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። «ሰማሁ» አሉ። «ማሩን ይዘሽው ሂጅ።»

እናቴ ያልሰማች መስላ ቅሉን ደንገሉ ሥር አስቀምጣ ዞረች። ዳገቱን ስንወጣ እትየ ዘነቡ ቀይ ዶሮ በብብቷ ይዛ ስትወርድ ተገናኘን። ሦስታችንም ቆምን።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ዓሣ ልገዛ። እናንተስ?»

«ውሃ ቀድተን።»

እትየ ዘነቡ ጀርባዬ ላይ ያለውን እንስራ አየች። ባዶ ነበር። እናቴም ዶሮዋን አየች። «በሉ ደኅና ዋሉ» ተባብለን ተላለፍን።

ማክሰኞ ጧት የጣልያን ወታደሮች ከነጠመንጃቸው አጥሩ ላይ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። እናቴ ሌሊቱን ሳትተኛ እንዳደረች ከዓይኗ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። ዙሪያዬን ስመለከት ያው ተስፋ በብዙ ፊት ላይ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው ያስፈራኛል። እያንዳንዱ ሰው እጁ ለእኔ ያደላል ብሎ ነበር የቆመው።

አያ እንድሪስ በአህያ ጭነት ይዘው መጡ። ጭነቱን ሳይናገሩ አወረዱት፤ የእናቴን ማር፣ ጤፍ ያለበት ስልቻ፣ አሞሌ ጨው፣ አዲስ ጋቢ፣ በእግሯ የታሰረች ቀይ ዶሮ፣ ሌላም ሌላም። ከዋርካው ሥር ደረደሩት።

«እነዚህ ትናንት መንገድ ጠፍቷቸው እኔ ቤት የገቡ ናቸው። ባለቤቶቹ ይውሰዱ» አሉ።

የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ዶሮዋ ብቻ ክንፏን አራገፈች።

«ዶሮዋን የሚያውቃት ሰው የለም?» አሉ አቶ ፈንቴ ዙሪያውን እያዩ። «እሷ ግን የምታውቀው ሰው ያለ ይመስለኛል።»

እትየ ዘነቡ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እናቴም እንዲሁ። አባቴ ማሩን ያዩታል፤ ቅሉ የቤታችን ቅል ነበር።

አያ እንድሪስ ቀጠሉ። «ሥጋ ሳካፍል እጄ ዕውር ነበር። ትናንት ሁላችሁም መጥታችሁ ዓይን አወጣችሁለት። አሁን የማን ባቄላ፣ የማን አዝራር እንደሆነ ጣቴ ያውቃል። በዚህ እጅ ባወጣ ዕጣ አይደለም፤ እኔ መረጥሁ ማለት ነው።»

«እምቢ ብለህ አትተወውም?» አሉ አቶ ፈንቴ። «እጅህን ለጣልያን ለምን ታውሰዋለህ?»

«እኔ እምቢ ካልሁ ጭቃ ሹሙ ይመርጣል። ያንንም ፈራሁ፣ ይኼንንም ፈራሁ። እዩት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ከጉያቸው እኩል እኩል የተቆረጠ የደንገል ቁራጭ አወጡና ለየአባወራው አንዳንድ ሰጡ። ከሰልም ሰጡ። «የፈለጋችሁትን ምልክት ጻፉበት። ከሰል በጣት አይዳሰስም» አሉ።

ማንም ቅር ቢለው ቅር አለኝ ለማለት ዕጣውን ነግሬ ነበር ማለት ይኖርበታል። ስለዚህ ሁሉም ጻፈ። አባቴ አንድ ፊደል ጻፉ። ጭቃ ሹሙ መጻፍ ስለማይችሉ ክብ ሣሉ። ቁራጮቹ ቅሉ ውስጥ ገቡ። አያ እንድሪስ ታጠቡ፤ መዳፋቸውን አሳዩ፤ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

የመጀመሪያውን አውጥተው ከአጠገባቸው ለቆሙት ለደብሩ ቄስ ሰጡ። ቄሱ ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ክብ ነበር።

«የእኔ ቀለህ ነበረች» አሉ ጭቃ ሹሙ። ለራሳቸው ነበር የተናገሩት፤ ግን ሁሉም ሰማ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ከላይ ሰፈር ወጡ፤ አንዲት ሴት ስትወድቅ ሌሎች ያዟት። አራተኛውን ሲሰጧቸው ቄሱ ከፍ አላደረጉትም። ይዘውት አባቴን ያዩ ጀመር።

«የእኔ ነው» አሉ አባቴ።

አዳሙ ነጠላውን አስተካከለና ወደ ፊት ወጣ። ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እናቴ አልጮኸችም። አያ እንድሪስ ወደ ሐይቁ እንደዞሩ ቀሩ፤ ወታደሮቹ ልጆቹን ይዘው እስኪሄዱ ድረስ ፊታቸውን አላየነውም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ወደ ሐይቁ ወረደች። ተከተልኋት። አያ እንድሪስ ከደንገሉ አጠገብ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። በሕይወቷ ሙሉ «እርስዎ» ያለቻቸውን ሰው ያን ቀን «አንተ» አለቻቸው።

«ታውቅ ነበር። እጅህ ያውቅ ነበር። ለምን አሳወርኸው?»

«ስንት ሰው እንደ መጣ ታውቂያለሽ?»

«ሌላው ምን አገባኝ?»

«አራት መውጣት ነበረበት፣ የሺ። አዳሙን ባስቀር በእሱ ፈንታ ማንን ላውጣ? ስም ጥሪልኝ።»

እናቴ አፏን ከፈተች። እኔ ከጎኗ ስለ ነበርሁ አየሁ፤ ስሙ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አፏን ዘጋች።

«እኔም እንዲሁ ነበር የሆንሁት» አሉ። «ትናንት እዚህ ተቀምጬ ስም ስጠራ፣ ስም ስተው ዋልሁ። በመጨረሻ ከጣልያኑ ይልቅ የራሴ እጅ አስፈራኝ።»

እናቴ ዳገቱን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያገኟት ሰላምታቸውን አትመልስም ነበር። አባቴም ስለ ማሩ አንድም ቀን አልጠየቋትም፤ ቅሉን ግን ከዋርካው ሥር ማንም ሳይወስደው ሰንብቶ አየሁት።

ክረምቱ ሲወጣ አዳሙ ከነጠመንጃው ጠፋ። ወደ መራዊ በኩል ወደ አርበኞቹ መግባቱን የነገረን አልነበረም፤ እኛ ግን አውቀነው ነበር። የከዳ ባንዳ ቤተሰብ ምን እንደሚደረግ ከዚያ በፊት በሌላ ሰፈር ታይቷል። አባቴ በእግራቸው ወደ ዱርቤቴ ወደ ዘመዶቻቸው እንዲሄዱ፣ እኔና እናቴ ቁንዝላ አክስቴ ዘንድ እንድንገባ ተመከረ። የቁንዝላን መንገድ ግን ወታደር ይዞታል። ሊነጋጋ ሲል ከጓሯችን በታች ካለው ዳርቻ ጎን የውሃ ድምፅ ተሰማ። አያ እንድሪስ ታንኳቸውን አስጠግተው ቆመዋል። የጠራቸው አልነበረም።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታቸው ታንኳው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ በመሀል ገባሁ።

ጭጋግ ነበር። ዳር ዳሩን ነው የሄድነው። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከሥር ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ቀስ እያለ በልብሴ ገባ። ፀሐይ ጭጋጉን መግፈፍ ስትጀምር የሞተር ጀልባው ድምፅ ተሰማ። አያ እንድሪስ መቅዘፊያውን ወደ ጎን አደረጉና ደንገሉ ውስጥ አስገቡን። ደንገሉ ከላያችን ተመልሶ ገጠመ። «ውሃው ድምፅ ይወስዳል፤ አትንቀሳቀሱ» አሉ በሹክሹክታ። ድምፁ ቀረበ። የሰዎቹ ንግግር፣ ሳቃቸው ሳይቀር ይሰማ ነበር። እናቴ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ስትተክል አላመመኝም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ደሙን ያየሁት። ከኋላዬ የአያ እንድሪስ ትንፋሽ እንደ ሕፃን ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር።

ጀልባው አለፈ። ማዕበሉ ደርሶ ታንኳችንን ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ከዚያ ውሃው ተኛ። ማናችንም ገና ለመንቀሳቀስ አልደፈርንም። ያን ጊዜ እናቴ ሳትዞር ተናገረች።

«የዘነቡን ልጅ» አለች።

አያ እንድሪስ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ስም ጥሪ ብለውኝ አልነበር? ውበቱን ብዬ ነበር የምነግርዎ። የመበለት ልጅ። አንድ ያላት። እሱን ላክልኝ ልል ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከአፍሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

ደንገሉን በእጃቸው ገፋ አድርገው ወደ ውጭ አዩ፤ መለሱት። ልናገር አልናገር የሚሉ ይመስሉ ነበር።

«እሷም የአንችን ነበር ያለችኝ። ዶሮዋን ይዛ የመጣች ቀን። አዳሙ ይሂድ፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ በጸሎት ይመልሱታል ብላ።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዞረች። አፏን በነጠላዋ ይዛው ነበር፤ ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፍ ነበር። ሲበርድላት «ሌሎቹስ? ሌሎቹ የማንን አሉ?» አለቻቸው።

«እሱን አትጠይቂኝ፣ የሺ» አሉ አያ እንድሪስ መቅዘፊያውን እያነሡ። «ነገ ተመልሰሽ ከእነሱ ጋር ነው የምትኖሪ።»

እውነትም ጣልያን ሲወጣ ተመለስን። አባቴም ከዱርቤቴ መጡ፤ አዳሙም አንድ ጆሮው ደንቁሮ በሕይወት ገባ። ቤታችን ጣራ አልነበረውም። ባዶው ወለል ላይ ዕቃችንን ስናወርድ መጀመሪያ የደረሰችው እትየ ዘነቡ ነበረች፤ ውበቱ ከኋላዋ ሣር ተሸክሞ ነበር። እናቴ አየቻት። ከዚያ እናቴ ጉንጯን ሳመቻትና ከሁለቱ በርጩማዎች ደኅናውን አቀረበችላት።